ሌሊት የሚያሳክከው ልጅ ሁሉ «ብርድ» የመታው አይደለም

በሀደሮም ሆነ በሆሳዕና ከተማ፣ ትንሽ ልጅ ሽንቱ ሲያቃጥለው ቶሎ የሚጠረጠረው «ብርድ» ነው። ሌሊት መቀመጫውን እያከከ የሚገላበጥ ከሆነ ግን እኔ ትልን እጠረጥራለሁ። ኢንቴሮቢየስ የምትባለው፣ ነጭ ክር የመሰለች፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም ትል ልጁ ሲተኛ ወጥታ ፊንጢጣው ዙሪያ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ማሳከኩ ከዚያ ነው። በሴት ልጆች ላይ አንዳንዴ ወደ ብልት ስትሻገር አካባቢው ይቆጣል፣ ሽንትም ያቃጥላል።

«ሰገራው ተመርምሮ ነጻ ተብሏል» የሚል ይኖራል። እንቁላሉ ሰገራ ውስጥ እምብዛም አይገኝምና ይህ አያሳምነኝም፤ ጠዋት ልጁ ሳይታጠብ ግልጽ ፕላስተር ፊንጢጣው ዙሪያ ባለው ቆዳ ላይ ለጥፎ በማይክሮስኮፕ ማየት ይሻላል። «ትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ውጧል» ለሚለውም፣ የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ትሉን እንጂ እንቁላሉን በደንብ ስለማይገድል ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል። አብረውት የሚተኙት እህትና ወንድም (አዋቂዎቹም ጭምር!) በአንድ ጊዜ ካልታከሙ፣ አንሶላው በሙቅ ውሃ ካልታጠበ፣ ጥፍሩም ካልተቆረጠ ትሉ ይመለሳል። እናትን በንጽሕና ጉድለት መውቀስ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ይህች ትል በሀብታም አገር ልጆችም ዘንድ የታወቀች ናት። ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ ግን የትሉን ክርክር ትታችሁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ሽንቱም ይመርመር።