ጀበናዬና የአማቼ ስልክ

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ያለችው ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን በመርከብ ልንሄድ ነው፤ ትመጫለሽ?» አለችኝ። «ጀበናዬን ያስገቡልኛል?» ብላት ሳቋን ለቀቀችው። ከጀርባዋ የባሏም ሳቅ ተሰማኝ። አሁን እንስቃለን እንጂ ያኔስ ሁለት ቀን ተኮራርፈን ነበር፤ ያውም ባሕር ላይ፣ ዞር የሚሉበት በሌለበት።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 መጨረሻ ነው። በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁት በዚያው ዓመት ነበር። ልጄ የበኩር ልጇን ወልዳ ስለነበር ላግዛት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ሲልቨር ስፕሪንግን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንጀራው፣ በርበሬው፣ አማርኛው ሞልቶ ሰው አገሩን የለቀቀ አይመስለውም። ሕፃኑ ሰባት ወር ሲሞላው የልጄ ባል «እማማ፣ ደክመዋል። በመርከብ ቤርሙዳ ደርሰን እንመለስ» አለኝ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን እነዚህ መርከቦች ላይ እንደማይሳፈር የሰማሁት ያኔ ነው። ደንቡን ወደድኩት፤ ሐኪም ከሩቅ በሆነበት ቦታ ጨቅላ ይዞ መሄድ ምን ይሉታል?

ልጄ ከመነሳታችን በፊት የተከለከሉ ዕቃዎችን ዝርዝር አነበበችልኝ። ካውያ፣ ሻማ፣ እጣን፣ የቡና ማፍያ፣ ኤክስቴንሽን፣ ያኔ ልጆች ቆመው የሚንሸራተቱበት ባለባትሪ ሰሌዳ ሳይቀር አለበት። እኔ «እጣን» የሚለው ላይ ስትደርስ ያልሰማሁ መሰልኩ። ጀበናዬን፣ ስድስት ሲኒዎች፣ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና ጥቂት እጣን በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ሥር ሸጉጬ ነበር። ለሰባ ብር የማትሞላ ምድጃ ማን ይቆጣል ብዬ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ጥፋተኛ እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ።

ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ልጄ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለ ስልክ በርቶም ጠፍቶም፣ በእጅም በሻንጣም ወደ መርከቡ አይገባም ይላል። እሱ እጁ ላይ የያዘው ያንኑ ነበር።

ስለዚያ ስልክ የረሳችሁ ካላችሁ ላስታውስ። ገበያ ላይ የዋለው በኦገስት 2016 ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እየጋለ ተቃጠለ የሚል አቤቱታ በመብዛቱ፣ ኩባንያው ሴፕቴምበር 2 ቀን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ስልክ ሰብስቦ እንደሚለውጥ አስታወቀ። ለውጥ ተብለው የተሰጡትም መቃጠል ጀመሩ። ኦክቶበር 5 ቀን በሉዊቪል አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለመነሳት በተዘጋጀ የሳውዝዌስት አውሮፕላን ውስጥ አንድ የተለወጠ ስልክ ሲጨስ ተሳፋሪው በሙሉ ወረደ። ኦክቶበር 11 ቀን ኩባንያው ስልኩን ማምረት ጨርሶ አቆመ። በዚያው ሳምንት የአሜሪካ መንግሥት ኖት 7 በምንም ዓይነት አውሮፕላን እንዳይገባ ከለከለ፤ እነ ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫልም ከመርከቦቻቸው አገዱት።

ምክንያቱ የታወቀው በጃንዋሪ 2017 ነው። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ኃይል የሚያመላልሱ ሁለት ወገኖች አሉ፤ የሚለያያቸው ከወረቀት የሳሳ ሽፋን ነው። በመጀመሪያው ዙር ባትሪ ማዕዘኑ ጠቦ የውስጡን አጣጥፎታል፤ በሁለተኛው ደግሞ ከብየዳ የተረፈ ሹል ነገር ሽፋኑን እየወጋ አገናኝቷቸዋል። ሁለቱ ከተገናኙ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል። ነበልባሉ ጠፋ ተብሎ ሲታሰብ መልሶ ይነሳል፤ ጭሱም መርዝ አለበት። ስለዚህ ነው ማጥፋት ብቻ ሳይሆን በብዙ ውሃ ማቀዝቀዝም የሚያስፈልገው።

ታዲያ ሰውዬው ስልኩን ለምን አልመለሰም? አባቱ ጎንደር ያረፉት በዚያው መስከረም ነበር። ከማረፋቸው ሳምንት በፊት የልጅ ልጃቸውን በቪዲዮ እያዩ ሲመርቁ ቀርጿቸዋል። ቀብራቸው ላይ አልደረሰም። ቅጂው ያለው እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው። «ኮምፒውተር ላይ እገለብጠዋለሁ» እያለ ሥራና ሐዘን ተደራርበውበት ቀናት አለፉ። እኔ እንደሚመስለኝ መገልበጡም ከብዶት ነበር፤ ከፍቶ ማየት ይጠበቅበታላ።

በመነሻችን ዕለት ባልቲሞር ወደብ መኪናውን አቁመን ሻንጣ ስናወርድ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አጠፋና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እማማ፣ እርስዎን አይፈትሹም። ነጠላዎት መሐል ያድርጉልኝ።»

«ቤት ለምን አልተውከውም?» አልኩት።

«ባዶ ቤት ተቃጥሎ ቢጠብቀንስ?»

ያለው ነገር ለራሱም የገባው አልመሰለኝም። እኔም ወዲያው አልገባኝም። አማች ነው፤ ያውም የጉዞዬን የከፈለ አማች። ሐዘንተኛም ነው። እምቢ ማለት ከበደኝና ተቀብዬ ነጠላዬ ውስጥ ጠቀለልኩት።

የወደቡ አዳራሽ ሰልፍ ረጅም ነው። ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ይሳፈራል። አብዛኛው የእኔ ዕድሜ ያለው፣ በከዘራና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ነው። ማስታወቂያው ላይ የስልኩ ሥዕል አለ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ በየሰዉ ፊት እየቆመች ይዛችኋል ወይ ብላ ትጠይቃለች። እኔ ጋ ስትደርስ ፈገግ ብላ ሳትጠይቀኝ አለፈች። አማቼ ልክ ነበር፤ ነጠላ የለበሰች አሮጊት ማን ይጠረጥራል?

ያ ፈገግታ ነው የያዘኝ። ከፊቴ ልጄ ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አስተኝታው ነበር። ሳየው አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ቡታ ጋዝ ገንፍሎ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሦስት ወንድማማቾች መጡ። ሁለቱ ክፉኛ ተቃጥለው ነበር፤ ከረጅም ሕክምና በኋላ ዳኑ። ትንሹ ገላው ላይ አንዲት የቃጠሎ ምልክት አልነበረበትም። ንጋት ላይ የሞተው ግን እሱ ነው፤ የጎዳው ጭሱ ነበር። እናቱ «ይሄ እኮ ምንም አልሆነም» እያለች ነበር የሰጠችኝ። (እግረ መንገዴን፣ የተቃጠለ ገላ ላይ ሊጥም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ፤ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት።)

ከሰልፉ ወጣሁና ነጠላዬን ፈትቼ ስልኩን ሰጠሁት። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ይሄን ተሸክሜ ልጁ ካለበት መርከብ አልገባም። ቤትህ ይቃጠላል ብለህ ከፈራኸው እዚህስ ማን ፈቀደልህ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ሰዎች ዞር ዞር አሉ። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ እኔም አፈርኩና ሻንጣዬን ከፍቼ ጀበናውን፣ ምድጃዋን፣ እጣኑን ጨመርኩለት። ሁሉንም ታቅፎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ያን ትልቅ ሰው ከጀበና ጋር ከሰልፍ ሲወጣ ሳየው አንጀቴ ተላወሰ።

ከመነሳታችን በፊት የአደጋ ልምምድ ተደረገ። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ድምፅ ከተሰማ ወደ ተመደቡበት ቦታ መሄድ ነው። ክፍላችንን የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ ወጣት ቆቡን ለውጦ ሰው ሲያሰልፍ አየሁት። በኋላ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «እሳት ቢነሳ ማን ያጠፋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኛው ነና፤ ተምረናል» አለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን 939 ይደወላል፣ ጎረቤት ባልዲ ይዞ ይወጣል፣ ሰው ወደ መንገድ ይሮጣል። እዚያ መንገድ የለም፤ አጥፊውም አልጋ የሚያነጥፈው ልጅ ነው።

መርከቡ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሥር ሲያልፍ ሰው ሁሉ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ አንጋጦ ነበር። የጭስ ማውጫው ድልድዩን የሚነካ ይመስላል። ያ ድልድይ በማርች 2024 የጭነት መርከብ ገጭቶት ሲወድቅ በቴሌቪዥን አይቼ ደነገጥኩ፤ የማውቀው ሰው የሞተ ያህል። ከዚያ በኋላ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሄደን ንጋት ላይ ዙሪያው ውሃ ብቻ ሆነ። መሬት ለዓይን ሲጠፋ የሚሰማውን ስሜት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። እኔን ዝም አሰኘኝ።

አማቼም ዝም ብሏል። ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ወንበር ይስብልኛል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። ልጄ መሐላችን ተጨነቀች። እኔ ሕፃኑን ይዤ ከመርከቡ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው እመላለሳለሁ፤ እግረ መንገዴን በየጣሪያው ያለውን የውሃ መርጫና የጭስ መጠቆሚያ እቆጥራለሁ። የሥራ ልማድ ነው።

በኋላ ቤት ገብቼ ልጄን እያስነበብኩ ስለ መርከብ እሳት ብዙ አወቅሁ። በማርች 2006 ስታር ፕሪንሰስ የተባለች መርከብ ወደ ጃማይካ ስትሄድ ሌሊት አንድ በረንዳ ላይ እሳት ተነሳ። መርማሪዎች በደንብ ያልጠፋ ሲጋራ ሳይሆን እንደማይቀር ደመደሙ። እሳቱ ከበረንዳ በረንዳ እየዘለለ ብዙ ክፍሎችን በላ፤ አንድ ተሳፋሪ ሞተ። በፌብሩዋሪ 2013 ደግሞ የካርኒቫል ትራየምፍ ሞተር ክፍል ተቃጠለ። እሳቱ ጠፋ፣ ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን መብራት ስለተቋረጠ ከ4,000 በላይ ሰው ሽንት ቤቱ በማይሠራ መርከብ ላይ ቀናት አሳልፎ፣ መርከቧ እየተጎተተች አላባማ፣ ሞቢል ወደብ ገባች። በሽተኛ ያስታመመ ሰው ያን ሲሰማ የሚያስበው እሳቱን ብቻ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ቤርሙዳ ደረስን። ደሴቲቱ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ኦክቶበር 13፣ ኒኮል የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ አልፎባት ነበር። እኔ ግን ዓይኔን የሳበው ጣሪያው ነው። የየቤቱ ጣሪያ እንደ ደረጃ ተደራርቦ ነጭ ተቀብቷል። ሹፌሩን ብንጠይቀው ቤርሙዳ ወንዝም ሐይቅም የላትም አለን፤ ሰዉ የሚጠጣው ከጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው፤ ከየቤቱ ሥር ማጠራቀሚያ አለ። ጤና ጣቢያ ስሠራ ስለ ንጹሕ ውሃ ያስተማርኩት ሁሉ ትዝ ብሎኝ ሹፌሩን በጥያቄ አደከምኩት። ጣሪያው በስንት ጊዜ ይታጠባል? ወፍ ቢያቆሽሸውስ? አማቼ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲያስተረጉም ቆየና በመጨረሻ ሳቁ አመለጠው። «እማማ፣ ሰውዬው አስጎብኚ ነው እንጂ የጤና ቢሮ ኃላፊ አይደለም እኮ።»

ማምሻውን መርከቡ ላይ ባሕሩን እያየሁ ተቀምጬ በወረቀት ኩባያ ቡና ይዞልኝ መጣ። «ይኸው ቡናዎት፤ እጣኑ መኪና ውስጥ ቀርቷል» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ቡናው ቡና አይባልም፤ ጨርሼ ጠጣሁት። ስለ አባቱ ማውራት የጀመረው ያኔ ነው። እስኪመሽ አወራን። ስለ ስልኩ ግን አንዳችንም አላነሳንም።

ባልቲሞር ስንመለስ መኪናዋ ደህና ነበረች። ቤት እንደገባን፣ ሻንጣ ሳይፈታ፣ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። አራታችንም ሆነን አባቱን አየናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ስልኩን ከፊታቸው አርቀው ይዘው፣ ሕፃኑን ስሙን እየጠሩ ይመርቁታል። ምርቃቱ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። አማቼ እስከ መጨረሻው አይቶ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ልጄ ልትከተለው ስትል ያዝኳት።

ከሳምንት በኋላ የስልኩ መመለሻ ሣጥን በፖስታ መጣ። እሳት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ፣ ሣጥን ውስጥ ሌላ ሣጥን ያለው ነው፤ በአውሮፕላን እንዳይላክ ተጽፎበታል። ውስጡ ጓንት አለ። አማቼ ጓንቱን አየና አየኝ። «ይሄ የእርስዎ ሙያ ነው» ብሎ ሰጠኝ። ተቀብዬ አጠለቅኩት፤ ስልኩን በየሽፋኑ ከትቼ በደንብ አሸግኩለት። ከዚያ ጓንቱን አወለቅኩና ጀበናዬን ጣድኩ።