የገዛኸውን አክሲዮን ጻፈው

አንባቢ ሆይ! በእስቴ ወይም በስማዳ ገበያ ቆመህ የበግ ነጋዴን ልብ ብለህ ተመልክተኸው እንደ ሆነ፥ ደብተር ሳይዝ ትርፉን አስልቶ ወደ ቤቱ ሲገባ አይተህ ይሆናል። ቦቃዋን ከወገዳ በስንት እንደ ገዛት፥ ጥቁሩን ሙክት ከአርብ ገበያ በስንት እንዳመጣው ያውቃል። አንዱ ሲሸጥም የዚያኑ የራሱን መግዣ ከመሸጫው ላይ ቀንሶ ትርፉን ይይዛል። ይህን ያስቻለው የአእምሮው ብርታት ብቻ አይደለም፤ በጉ ራሱ በቀለሙና በቀንዱ ያስታውሰዋል።

አክሲዮን ግን ቀለምም ቀንድም የለውም። ዐምና የተገዛውንና ዘንድሮ የተገዛውን የሚለየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት ስለዚሁ ጽሑፍ ነው።

ይህ የአዲስ አበባ ሀብታሞች ጉዳይ ነው እንዳትለኝ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር አክሲዮን ሲሸጥ፥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፥ ዝቅተኛው ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር፤ ይኸውም 9,900 ብር መሆኑ ነው። በነፋስ መውጫ ያለ ጸሐፊም ሆነ በመካነ ኢየሱስ የምታስተምር መምህርት ከደመወዛቸው ቆጥበው ሊገዙት ይችሉ ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። እንግዲህ መግዛት ብቻ ሳይሆን መሸጥም ወደ እኛ እየቀረበ ነው።

አንድ የእስቴ ወዳጄ የአንድ ባንክ አክሲዮን ነበረው። በመጀመሪያ 20 አክሲዮን በ1,000 ብር ሒሳብ፥ ከሁለት ዓመት በኋላም 10 አክሲዮን በ1,300 ብር ሒሳብ ገዝቶ ነበር። ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ባስፈለገው ጊዜ 10 አክሲዮን በ1,500 ብር ሸጠና፥ «15,000 ብር አተረፍሁ» ብሎ ደስ እያለው መጣ።

«ለመሆኑ የሸጥኸው የትኛውን ነው?» አልሁት።

«አክሲዮን አይደለም እንዴ? የትኛውስ ቢሆን ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

ልዩነቱ ይህ ነው። የሸጠው ከመጀመሪያው ግዢ ከሆነ መግዣው 10,000 ብር ስለ ሆነ ትርፉ 5,000 ብር ነው። ከኋለኛው ከሆነ መግዣው 13,000 ነውና ትርፉ 2,000 ብቻ ይሆናል። ሁለቱን ግዢዎች አደባልቆ በአማካይ ቢይዘው ደግሞ የአንዱ መግዣ 1,100 ብር ሆኖ ትርፉ 4,000 ብር ይደርሳል። ያም ሆነ ይህ 15,000 ብር ትርፍ የሚሆንበት መንገድ ከቶ የለም። የቀረው ገንዘብ የገዛ ዋናው ነው፤ ዋናውን ትርፍ ነው ብሎ የሚበላ ሰው ደግሞ ድኽነቱን ሳያውቀው ይደርስበታል።

እኔ ይህን ሒሳብ የምይዘው በኮምፒዩተር ነው፤ ነገር ግን በተራ ጽሑፍ ነው። ጆን ዊግሊ በ2003 እ.ኤ.አ. ሌጀር የተባለውን ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ፥ ኤችሌጀርና ቢንካውንት የተባሉ መሰሎቹ ተከትለዋል። ሁሉም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። አንተ በአንድ ፋይል ላይ ቀኑን፥ ጉዳዩንና ገንዘቡን ትጽፋለህ፤ ፕሮግራሙ አንብቦ ይደምርልሃል። በኤችሌጀር የሒሳቦቹን ስም በአማርኛ ፊደል ልትጽፍ ትችላለህ።

ሕጉ የጥንቱ የሁለትዮሽ መዝገብ ሕግ ነው። ኢጣሊያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ይህንኑ ነው። የወዳጄን ሽያጭ ብትጽፍ፥ ወደ ባንክ ሒሳብ የገባ 15,000፤ በ1,000 ብር ከተገዙት የወጡ 10 አክሲዮኖች፥ መግዣቸው 10,000፤ ትርፍ 5,000 ይሆናል። የገባውና የወጣው ተመዛዝኖ ልዩነቱ ዜሮ ካልሆነ ፕሮግራሙ አይቀበልህም። ቢንካውንትማ የተለያየ መግዣ ያላቸው አክሲዮኖች ኖረውህ፥ ከየትኛው እንደ ሸጥህ ካልለየህለት ስሕተት አለ ብሎ ይመልስልሃል። እኔ ለወዳጄ ያቀረብሁትን ጥያቄ እርሱም ይጠይቃል ማለት ነው።

ጥያቄው የግብር ሰብሳቢውም ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከአክሲዮን ሽያጭ የሚገኝ ጥቅም ግብር የሚከፈልበት ሆኗል፤ ጥቅሙን ለማወቅ ደግሞ መግዣውን ማወቅ ግድ ነው። የትርፍ ድርሻህን በጥሬ ገንዘብ ሳትወስድ ለአዲስ አክሲዮን መግዣ ካዋልኸውም፥ ያ ራሱን የቻለ አንድ ግዢ ስለ ሆነ ቀኑንና ዋጋውን ለብቻው ጻፍ።

ወዳጄ የመግዣ ደረሰኞቹን ከሣጥን ሥር ፈልጎ አገኛቸው። አብረን ተቀምጠን ከፊተኛው ግዢ እንደ ሸጠ ቈጠርንና ጻፍን። ከእጁ የቀረው 10 ባለ 1,000 እና 10 ባለ 1,300፥ በመግዣው 23,000 ብር መሆኑን ባየ ጊዜ፥ ፋይሉ ታትሞ እንዲሰጠው ለመነኝ። «ለባለቤቴ ነው፤ እኔ ባልኖር ምን እንዳለን አታውቅም» አለ።

አንተም ኮምፒዩተር ቢኖርህ በኮምፒዩተር፥ ባይኖርህ በደብተር፥ ቀኑን፥ ብዛቱን፥ የአንዱን ዋጋና የተከፈለውን አገልግሎት ክፍያ ዛሬውኑ ጻፍ። ደረሰኙ ሳይጠፋ የሚጻፈው ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ ከጠፋ በኋላ ግን ያንን አንድ መስመር ለማግኘት ስንት ቢሮ ትመላለሳለህ?