ያሰረዝኩት ቁጥር

ለኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ላብ ማሠራት የጀመርኩት ገና ተመርቄ እንደወጣሁ ነው። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ቀመር ይዤ፣ ቁጥር አስገብቼ መልስ ማውጣት አይከብደኝም። በዚያ መተማመን ተሞልቼ አንዲት ተማሪዬን የበደልኩት በደል እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ሙከራው ቀላል ነው። ባለ 240 ኦም ሬዚስተርና ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ይያያዛሉ፤ ከትራንስፎርመር 10 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ኤሲ ይሰጣቸዋል። ተማሪዋ ሬዚስተሩ ላይ ለካች፤ 6 ቮልት። ካፓሲተሩ ላይ ለካች፤ 8። ድምሩ 14 መጣ። የኪርሆፍ ሕግ ደግሞ የሁለቱ ቮልቴጅ ድምር ከምንጩ ጋር እኩል ነው ይላል። ግራ ገብቷት ጠራችኝ።

«ሜትሩ አርጅቷል» አልኳት።

«ቲቸር፣ በሌላ ሜትርም ለካሁት፤ ያው ነው።»

«ከ10 ላይ 6 ቀንሺና 4 ብለሽ ጻፊ።»

8ን ሰርዛ 4 ጻፈች። ሪፖርቷን ያረምኩት እኔው ነኝ፤ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

የኢምፒዳንስን ቀመር በቃሌ እወጣው ነበር። ቀመሩ የሚናገረው ጠረጴዛው ላይ ስለታየው 14 ቮልት መሆኑን ግን አላስተዋልኩም። የገባኝ ቆይቶ፣ ሁለቱን ሞገዶች ኦሲሎስኮፕ ላይ አንድ ላይ ሳያቸው ነው።

ካፓሲተር ቻርጅ ያጠራቅማል፤ ቮልቴጁም ባጠራቀመው ልክ ያድጋል። ስለዚህ ከረንቱን የሚወስነው ቮልቴጁ የሚለዋወጥበት ፍጥነት ነው። ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት መጨመሩንም መቀነሱንም ያቆማል፤ ያኔ ከረንቱ ዜሮ ይሆናል። የሬዚስተሩ ቮልቴጅ ደግሞ ከከረንቱ እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። በ50 ኸርዝ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ፣ የሬዚስተሩ ቮልቴጅ ጫፉን የሚነካው ከካፓሲተሩ 5 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ነው። ሁለቱን በየቅጽበቱ ብንደምራቸው ሁልጊዜም የምንጩን ቮልቴጅ ይሰጡናል፤ ኪርሆፍ አልተሳሳተም። መልቲሜትር ግን መጠኑን እንጂ ጊዜውን አያሳይም። ሩብ ዙር የሚቀዳደሙ ሞገዶች መጠናቸው የሚደመረው በፓይታጎራስ ነው፦ 36 እና 64 ሲደመሩ 100፣ የ100 ስኩዌር ሩት 10።

ይህን ሁሉ ላስረዳት እችል የነበረው በምታውቀው ሒሳብ ነው። ፓይታጎራስን በልጅነቷ ተምራዋለች፤ የሳይን ዴሪቫቲቭ ኮሳይን መሆኑንም ታውቃለች። ቻርልስ ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ ኮምፕሌክስ ቁጥርን ለኤሲ ስሌት ያቀረበው የመሐንዲሶችን ድካም ለማቃለል ነበር። በኮምፕሌክስ ቁጥሩ «ጄ» ማባዛት ማለት 90 ዲግሪ ማዞር ነው፤ ያ 90 ዲግሪ ደግሞ ራሱ ሩብ ዙሩ ነው። እኔ «ጄ»ን ያስተማርኩት ካልኩሌተር ላይ እንደሚጫን ቁልፍ ብቻ አድርጌ ነው። ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቀኝ ተማሪ «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል መልስ ነበረኝ። ስንቱን ጠያቂ በዚህች ቃል ዝም እንዳሰኘሁ ሳስብ አፍራለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚጸጽተኝ ግን በዓይኗ ያየችውን፣ በሌላ ሜትር ደግማ ያረጋገጠችውን ቁጥር እንድትሰርዝ ማድረጌ ነው። እነዚህ ልጆች ነገ ሰብስቴሽን ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ሜትሩ ያሳየውን ትቶ ይሆናል ያሉትን መጻፍ ሰው ይገድላል።

ላብ የምታሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ተማሪ ያልጠበቃችሁትን ቁጥር ይዞ ሲመጣ እባካችሁ ሜትሩን ከመውቀሳችሁ በፊት አብራችሁት ለኩ። ምክንያቱን ካላወቃችሁም አላውቅም በሉት፤ ቁጥሩ ግን ሪፖርቱ ላይ ይቆይ።

አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ በትክክል ለክተሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።