ዘገየ ወይስ ደከመ?

ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነበር። እናቴን ከሆስፒታል ቀጠሮዋ ስመልሳት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ከጎኔ ተቀምጣ የሽንኩርት ዋጋ የት እንደደረሰ ትነግረኛለች። ከውስጥ ለውስጡ መንገድ ወጥቼ ወደ ሲኤምሲ የሚወስደውን ዋና መንገድ ለመቀላቀል ወደ ግራ አየሁ። አንድ ገልባጭ ይመጣል፤ ግን ሩቅ ነው። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አድርጌ ነዳጅ ረገጥኩ።

መኪናዋ አልሄደችም። አልጠፋችም፣ አላጓራችምም። እግሬ ወለሉ ድረስ ወርዷል፤ ሞተሩ ግን አልሰማኝም። አንድ፣ ሁለት ተብሎ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው፤ አፍንጫዋ መንገዱ ውስጥ ገብቶ ገልባጩ ጥሩንባውን እየነፋ ሲቀርብ ግን ረጅም ነው። እናቴ ወሬዋን አቋርጣ «እመብርሃን!» አለች። መኪናዋ እንደተፈታ ወይፈን ዘላ የወጣችው ያኔ ነው። ገልባጩ ለጥቂት ስቶን በግራ በኩል ሲያልፍ የረጨው ጭቃ መስኮቴን ሸፈነው።

ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስትወርድ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ፣ «ከእንግዲህ በታክሲ ነው የምሄደው» አለችኝ።

መኪናዋ የ2004 ስሪት ኮሮላ ናት፣ ማርሿ ማንዋል። በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያ ቆማ ነዳጅ ሲሰጧት እሺ ትላለች፤ ምንም እንከን የለባትም። መንገድ ላይ ስወጣ ግን ያው ናት። አራቱም ካንዴላ ተቀየረ፣ የቤንዚን ፊልትሮው ተቀየረ። በመጨረሻ በኮምፒዩተር ሲያዩዋት ፒ 0171 የሚል ኮድ ወጣ። «ቤንዚን እያነሳት ነው» ተባልኩና የቤንዚን ፖምፓው ተለወጠ። የወር ደሞዜ ግማሽ ሄደ፤ መኪናዋ ግን እዚያው ናት። ቀጥሎ የተሰጠኝ ምክንያት የአዲስ አበባ ከፍታ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላንቻ አካባቢ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ላከኝ። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት የእንጨት በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና፣ «ልጄ፣ ደከመችብኝ ነው የምትለው ወይስ ዘገየችብኝ?» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። አሰብኩና፣ «ዘገየች ነው ጋሼ። ከተነሳች በኋላ ጉልበቷ ሙሉ ነው» አልኳቸው።

«መቼ መቼ?»

«ከቆመችበት ስትነሳና ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ።»

ጋራዡ የሰጠኝን ምክንያት ስነግራቸው፣ «ከፍታውንማ እርሳው» አሉ። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሞተርም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህ ግን ሁልጊዜ ያለ ድካም ነው፤ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚሄድ አይደለም። ኮዱን ስነግራቸው ደግሞ፣ «እሱ ቤንዚን አነሰ ብቻ አይልም። አየር በዛም ይላል» አሉኝ። ሞተር ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ሳይለካ የገባ አየር ካለ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን አሳንሶ ይሰፍራል።

ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ ተዉት። ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ተነስቶ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ወፍራም ጥቁር የጎማ ቱቦ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን ሳብ አደረጉት። ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሊጠፋ ቃጣው። ሲለቁት ተረጋጋ። እንደገና ሲስቡት ያው። ሦስተኛ ጊዜ ጆሮዬን አስጠግቼ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ።

ቱቦውን ፈትተው ሰጡኝ። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው፤ ላየው ደህና ይመስላል። ከሥሩ በኩል ሁለቱን እጥፋቶች በአውራ ጣታቸው ፈልቀቅ ሲያደርጓቸው ጥፍሬን የሚያህል ስንጥቅ ተከፈተ። ጣታቸውን ሲያነሱ ተገጣጥሞ ጠፋ። ጋራዥ ውስጥ ያልታመመችው ለዚህ ነው፤ ስንጥቁ የሚከፈተው ሞተሩ ጭነት ሲመጣበት ነው። ሞተሩን ከሚደግፉት ጎሚኒዎች አንዱ አልቋል፤ ፍሪሲዮን ለቅቄ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ሞተሩ ጋደል ይልና ቱቦውን ይስበዋል። «ቱቦውን ብቻ ብቀይርልህ በዓመቱ ይቀደድና ትመለሳለህ» አሉኝ።

ለጊዜው ስንጥቁን በናስትሮ ጠቀለሉልኝ። በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ከሱቅ ሱቅ ስዞር አርፍጄ፣ ቱቦና ጎሚኒ ገዝቼ ተመለስኩ። ሲገጥሙ የአየር መለኪያውን ነቅለው አሳዩኝ። በውስጡ ፀጉር የምታህል ሽቦ አለች፤ በኤሌክትሪክ ትግላለች፣ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዛታል፣ ኮምፒዩተሩም እሷን ለማጋል ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ የአየሩን መጠን ያውቃል። አቧራ ለብሳ ነበር። በጨርቅ አልነኳትም፤ ለእሷ በተሠራ ስፕሬይ ከሩቅ አጠቧትና እስክትደርቅ ጠበቁ። የአየር ማስገቢያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትሮትል ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻም ጠረጉ። ባትሪውን ፈትተው ጥቂት ቆይተው መለሱት፤ ኮምፒዩተሩ የለመደውን ረስቶ እንደ አዲስ እንዲለምድ ነው።

ጎሚኒ ሲለወጥ ሞተሩን በክሪክ ደግፈው ሥሩ ሲተኙ ሰባ ዓመት የተጠጋ ወገባቸውን አይቼ ልከለክላቸው ዳዳኝ። የጠየቁኝ ዋጋ ለፖምፓው ከከፈልኩት ሩቡን አይሞላም። ጨምሬ ስሰጣቸው ቆጥረው ትርፉን መለሱልኝ።

እናቴን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መስቀል ካለፈ በኋላ ለሚቀጥለው ቀጠሮዋ እሺ አለች፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ስንመለስ ግን ከፊት ገባች። እዚያው መገንጠያ ላይ ቆምኩ። በግራ በኩል አንድ አውቶቡስ ይመጣል፤ እንዲያልፍ ጠበቅኩት። እሱ ሲያልፍ ቦታው ክፍት ሆነ። ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ነዳጅ ረገጥኩ፤ መኪናዋ እግሬ ሳይወርድ ነው የተነሳችው።

እናቴ ዶሮ ለዘመን መለወጫ ስንት እንደገባ እየነገረችኝ ነበር። ወሬዋን አላቋረጠችም።