በሐይቅ ላይ በእግር

ክረምት ሲባል እኛ የምናውቀው ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። አሁን የምንማርበት አገር ክረምት ግን ሌላ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ ሚኒሶታ ይባላል። እዚያ ክረምቱ የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በዝናብ ፋንታ አመዳይ ይወርዳል። ምድሩ ሁሉ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል።

እናታችን ልትጠይቀን የመጣችው በጥር ወር ነው። የጣና ዳር ሰው ናት። ብርድ ነው ብለን እንግዳ ቤት አንዘጋም። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ካፖርት በላዩ ደራረብንላት። በልብስና በልብስ መካከል ያለው አየር ሙቀት ይይዛልና።

መጀመሪያ ሚኒሃሃ ወደሚባል ፏፏቴ ወሰድናት። ከፍታው 16 ሜትር ያህል ነው፤ ከጢስ ዓባይ በጣም ያንሳል። ነገር ግን ውሃው በረዶ ሆኖ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። እማዬ ቆማ አየችውና፣ «ድምፁስ የት ገባ?» አለች።

ከዚያ ወደ አንድ ሐይቅ ሄድን። ሐይቁ ላይ ልጆች ይንሸራተታሉ። ሰዎች በረዶውን ሰርስረው በቀዳዳው ዓሣ ያጠምዳሉ። እማዬ ተገረመች። «ጣናን በታንኳ እንጂ በእግር የተሻገረ አላየሁም። ዓሣውስ እንዴት አልሞተም?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በ0 ዲግሪ በረዶ ይሆናል። በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ስለሚሰፋም ከውሃ ይቀላል፤ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሐይቁን እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ውሃው 4 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ዓሣው በሕይወት ይከርማል።

ዳር ዳሩን ስንሄድ የሰው ዱካ አየን። ዱካው ወደ ሐይቁ ይገባል። እማዬ ልትከተለው እግሯን አነሣች። አጠገቡ ግን ሰሌዳ ተተክሏል። «ተጠንቀቁ፤ በረዶው ስስ ነው» ይላል። አነበብንላት። እሷም አካባቢውን አየት አደረገችና ወዲያው ገባት። «እውነት ነው፤ እዚህ ጋ ወንዝ ይገባል። ወራጅ ውሃ መች ይታመናል?» ብላ ተመለሰች።

ዱካ ትናንት ሰው ማለፉን ይናገራል። ዛሬ ማለፍ ይቻል እንደሆነ አይናገርም። በሚኒሶታ ለእግረኛ የሚመከረው ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ውፍረቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ነጭ በረዶ ደካማ ስለሆነ እጥፍ መሆን አለበት። ያንኑ ሐይቅ አንዱ ዳር ሲችል፣ ሌላው ዳር ይሰበራል።

እናንተም ልጅ ወይም ዘመድ ባሕር ማዶ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ትጠይቁ ይሆናል። ያን ጊዜ ብርዱን አትፍሩ፤ ውጡና እዩ። ነገር ግን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና የአገሩን ሰው ጠይቁ። የተለካውን እወቁ። የተጻፈውን ሳታነቡ ወይም ሳታስነብቡ በረዶ አትርገጡ።