የብርድ አገር ማቀዝቀዣና የጥገናው ዋጋ

አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፥ ነዋሪዋ ከሙቀት ይልቅ ስለ ብርድ ሲያማርር ይሰማል። ይልቁንም ከወጨጫ ተራራ ወዲህ ባለው በኮልፌ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚነፍሰው ነፋስ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ገብቶ እስከ ዐጥንት ይዘልቃል። ታዲያ በ18 ማዞሪያ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሥራ ሲበዛበት ያየ እንግዳ ሰው፥ «ብርድን በነጻ ለተቀበለ ሕዝብ፥ ብርድ የሚያመርት መኪና ማስጠገን ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው። የቤትን አየር የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ በእርግጥ የቆላው ሰው ወዳጅ ነው፤ በድሬዳዋ፥ በጋምቤላና በሰመራ ያለ እርሱ መዋል ለሚያቅተው ሰው የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በእኛ ከተማ ግን የሚበዛው በባንኮችና ኮምፒዩተር በሚጠራቀምባቸው ክፍሎች እንጂ በመኖሪያ ቤት አይደለም። በመኖሪያ ቤታችን የገባው ታናሽ ወንድሙ ፍሪጅ ነው። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው፤ ጋዝን በሞተር አምቆ፥ ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት ወደ ውጭ ያፈሳል። እንዲያውም ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. የአየር ማቀዝቀዣውን ሲያቅድ፥ ያሰበው ለሰው ምቾት አልነበረም፤ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ በእርጥበት ምክንያት እየተኮማተረ ያስቸገረውን ወረቀት ለማዳን ነበር። እንግዲህ ማቀዝቀዣ ከመጀመሪያው የተፈጠረው ዕቃን ለመጠበቅ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ብዙው ባለቤት የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ፍሪጅ ራሱ ብርድ አይወድም። የፋብሪካ ሰዎች ፍሪጅን የሚሠሩት ለሚቀመጥበት አገር አየር እየመደቡ ነው፤ በውስጡ ወይም በጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይም «ኤስ ኤን»፥ «ኤን»፥ «ኤስ ቲ» ወይም «ቲ» የሚሉ ፊደላት ይጽፋሉ። «ኤስ ኤን» የተባለው የክፍሉ ሙቀት እስከ 10 ዲግሪ ቢወርድ ይሠራል። የቀሩት ሦስቱ ግን ከ16 ዲግሪ በታች በደንብ ለመሥራት አልታሰቡም፤ «ቲ» የተባለውም እስከ 43 ዲግሪ ለሚደርስ ሐሩር የተዘጋጀ ነው። ለሐሩር የተሠራው ፍሪጅ በኮልፌ ሌሊት ከቀዝቃዛ ግድግዳ አጠገብ ሲቆም፥ በብዙዎቹ ዘንድ ሞተሩን የሚያዝዘው ቴርሞስታት የታችኛውን ክፍል ብርድ ብቻ አይቶ «በቃ» ይላል። ሞተሩ ያንቀላፋል፤ የላይኛው የበረዶ ክፍል ግን መቅለጥ ይጀምራል። ባለቤቱም ፍሪጁ የተበላሸ ይመስለዋል።

በጡረታ የሚተዳደሩ አንዲት ጎረቤቴ የደረሰባቸው ይኸው ነበር። እኒህ ሴት የስኳር በሽታ ስላለባቸው ፍሪጁ ለእርሳቸው የሥጋና የቅቤ ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን የኢንሱሊን መድኃኒታቸው ማደሪያ ነው። በአንድ ታኅሣሥ በረዶው እየቀለጠ ቢያስቸግራቸው ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኙም ሞተሩን ጆሮ ሰጥቶ ካዳመጠ በኋላ «ጋዙ አልቋል» አለና ሞላላቸው፤ ማስተካከያውንም ወደ መጨረሻው ብርድ አዞረው። የጡረታ አበላቸው እኩሌታ በዚያው ቀን ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት በረዶው እንደ ገና ቀለጠ። ሰውዬው ተመልሶ «እንግዲያውስ ሞተሩ ይለወጥ» ሲላቸው፥ የሁለት ወር አበላቸው የማይችለውን ዋጋ ጠራ።

በዚህ ጊዜ እኔ የማውቀውን ሌላ ሠራተኛ ጠራሁላቸው። እርሱም መፍቻ አላነሣም። ሞተሩ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን ለካ፤ የሙቀት መለኪያ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ ከታችኛው ክፍል አስቀመጠና በማግሥቱ ተመልሶ አነበበ፤ የተለጠፈውንም ወረቀት አየ፤ «ቲ» ይላል። ከዚያም ፍሪጁ ከጓሮው ማድቤት ወጥቶ ወደ ሳሎን እንዲገባ አደረገ፤ ማስተካከያውንም መልሶ አላላ። መድኃኒቱ በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል መቀመጥ እንዳለበት፥ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም ኃይሉ እንደማይመለስና መጣል እንዳለበት አስረዳቸው። እንግዲህ አደጋው ከመቅለጡ ይልቅ የመጀመሪያው ሰው ባዞረው ማስተካከያ በኩል ሊመጣ ኖሯል።

ሠራተኛው ዋጋውን በጠየቀ ጊዜ ግን እመይቴ ተገርመው፥ «ልጄ፥ ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ? አንድ ብሎን እንኳ አልፈታህም» አሉት። እርሱም ፈገግ ብሎ «እማማ፥ አለመፍታቴ እኮ ነው ሥራዬ» አላቸው።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የጥገና ሒሳብ ሦስት ክፍል አለው፤ የመለዋወጫ፥ የእጅና የዕውቀት። የመለዋወጫው ዋጋ ከእኛም ከጠጋኙም እጅ ውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣው ሞተርም ጋዝም አብሮት ወጣ። የእጁን ዋጋ እየተከራከርንም ቢሆን እንከፍላለን። የዕውቀቱን ዋጋ ግን አንከፍልም፤ ዕውቀት አይታይምና። ጠጋኙም ይህን ስለሚያውቅ፥ «ዕቃዎ ደኅና ነው» ብሎ ባዶ እጁን ከሚሄድ፥ ጋዝ ሞልቶ እንጀራውን ይዞ መሄድን ይመርጣል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው ተታለልን ብለን እንቆጣለን እንጂ፥ ለማታለል የሚገፋፋውን ልማድ የምናቆየው እኛው ነን።

የእጅ ሥራን ማቃለል በአገራችን የቆየ ደዌ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ዛሬ ጠጋኝን በአደባባይ የሚሰድብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዕውቀቱን በነጻ መፈለግ ያው ንቀት ልብሱን ለውጦ የመጣ ይመስለኛል።

ባለቤቱም በበኩሉ ጥቂት ነገር ቢያውቅ ገንዘቡን ያተርፋል። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ላምባ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ጎደለ ከተባለ የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። በአዲሶቹ ፍሪጆች የሚገኘው ኢሶቡቴን የተባለው ጋዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም አይበልጥም፤ ነገር ግን በእሳት የሚነድ ስለሆነ ልምድ የሌለው ሰው በእሳት ብየዳ ሊነካው አይገባም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ፍሪጁን ወዲያው ከመሰካት 5 ደቂቃ ያህል መታገሥ ይገባል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይተካከል የሚነሣ ሞተር ይጨነቃል፥ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ስለ ኤሌክትሪክ ባያውቁም ነገሩን ደርሰውበታል።

ስለዚህ ጠጋኝ ወደ ቤታችን ሲመጣ፥ ገና መፍቻውን ሳያነሣ «የምርመራህ ዋጋ ስንት ነው? ብትጠግነውም ባትጠግነውም እከፍልሃለሁ» እንበለው። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር አያከስረውም። እመይቴም በመጨረሻ ለዚያ ሠራተኛ የጠየቀውን ከፍለው፥ ቡና አፍልተው ሸኙት፤ ከዚያ ወዲህም ለሠፈሩ ሰው «ምንም ሳይነካ የሚያድን ሰው አውቃለሁ» እያሉ ይጠቁማሉ።