ቃል ለቀማ በቆሼ መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ሁለት የሰፈር ስሞች ጎረቤታሞች ሆነው ይኖራሉ። አንዱ አየር ጤና ነው፤ ሁለተኛው ቆሼ ነው። አየር ጤና የሚለው ስም ሰውን «ና፣ ደኅና አየር ተንፍስ» ብሎ የሚጠራ ነው፤ ቆሼ ግን ቆሻሻ የሚለውን ቃል እንደ ቁልምጫ ያሳጠረ ስለ ሆነ እንግዳውን ገና ሳይደርስ አፍንጫውን ያስይዘዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሽታው አይደለም፤ ቋንቋ ነው። ቆሼን የመሰለ ስፍራ እንግሊዝኛ ለመማር ምን ይረዳል ብሎ የሚስቅ አንባቢ ቢኖር እንዲስቅ እንፈቅድለታለን፤ ነገር ግን እስከ መንገዱ መጨረሻ አብሮን እንዲሄድ እንለምነዋለን።

እንደሚታወቀው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ ትልልቁን ቃል ያውቃል፤ የሚከዳው ትንሹ ነው። «ኢምፕሊሜንቴሽን»ንና «ኮኦርዲኔሽን»ን በሪፖርቱ ላይ ያለ አንዳች ስሕተት ያሰፍራል። እንግዳ ወደ ቢሮው ገብቶ «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ቴክ» የተባሉትን ጥቃቅን ግሦች «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ» ከተባሉ ጭራዎች ጋር እያጋጠመ ሲናገር ግን ፊቱ ይለወጣል። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ያውቀዋል፤ ሁለቱ ተጋብተው የሚወልዱትን ግን አያውቅም። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ወደ ላይ መስጠት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው። ለነገሩ፣ ተስፋ የሚቆረጠው በምን ቢላ ነው ብሎ የሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው ቢመጣ እኛም መልሱ ያስቸግረናል።

በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለማስተማር ሲመጡ፣ ብዙ ተማሪ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ የሚወጣውን እንግሊዝኛ የመስማት ዕድል አግኝቶ ነበር። የዛሬው ተማሪ ደግሞ ከስልኩ ይሰማል። ሆኖም ያኔም ሆነ ዛሬ ልማዱ አልተለወጠም፤ ሁለት መቶ ፈሊጥ በተርታ ጽፎ በቃሉ ያጠናል፤ ከፈተናው ማግሥት ይረሳል።

ስለዚህ ዝርዝሩን አጥፈን ከሳር ቤት ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ እንሳፈር።

ገና በሩ ሳይዘጋ ረዳቱ «ጠጋ በሉ!» ይላል። አንዲት እናት ሲገቡ አንዱ ወጣት ይነሣና «ቁጭ ይበሉ እናቴ» ይላቸዋል። ከኋላ ደግሞ «ወንድሜ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርገው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሦስት አነጋገሮች ልብ በላቸው። «ጠጋ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ዝቅ አደረገ» እንዴት ያሉ ግሦች ናቸው? «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ከሆነ፣ ቁጭ ያለው ሰው ምን ተናገረ? ምንም አልተናገረም። ቁም ነገሩን የያዘው «ቁጭ» የሚለው ነው፤ «አለ» ተሸካሚው ብቻ ነው። የእንግሊዞቹም «ሲት ዳውን» እና «ተርን ዳውን» የዚሁ ዘመድ ናቸው፤ ልዩነቱ እኛ ተሸካሚውን ከኋላ ስናስከትል እነርሱ ከፊት ማስቀደማቸው ነው። ኢትዮጵያዊ ሕፃን «ቁጭ»ን ለብቻ፣ «አለ»ን ለብቻ አልተማረም። «ቁጭ በል» ሲሉት ተቀመጠ፤ ቃሉንም ያወቀው በመቀመጡ ነው። እንግሊዝኛውንም ከነጭራው እንደ አንድ ቃል አድርጎ፣ ድርጊቱ በሚታይበት ስፍራ ለሚሰማ ሰው ችግሩ በግማሽ ይቀልለታል ብለን እናምናለን።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሬዲዮኑን «እርሱን» ብለን በተውላጠ ስም ስንጠራው፣ እንግሊዝኛው ተውላጠ ስሙን በግሡና በጭራው መካከል ያስገባዋል፤ «ተርን ኢት ዳውን» ይባላል እንጂ «ተርን ዳውን ኢት» አይባልም። ይህም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም «ቁጭም አላለ»፣ «ዝምም አላለ» ስንል በመካከሉ ፊደል እናስገባለን። ይኸው «ተርን ዳውን» የሥራ ማመልከቻን አለመቀበል ማለትም ነውና፣ ማመልከቻ ያስገባ ሁሉ ሬዲዮን ብቻ የሚመለከት አድርጎ እንዳይወስደው።

መንገዱ ዘነበወርቅ ሲደርስ አለርት ሆስፒታል አለ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረ ስፍራ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ማዕከል፣ ስሙን ያገኘው ከረጅሙ የእንግሊዝኛ መጠሪያው የመጀመሪያ ፊደሎች ነው፤ ፊደሎቹ ሲገጣጠሙም ንቁ የሚል ቃል ይሆናሉ። «ኦን ዘ አለርት» ቢሉ ነቅቶ የሚጠብቅ ማለት ነው። «አለርት ጋ ወራጅ አለ!» እያለ በየቀኑ የሚወርደው ተሳፋሪ ግን ሰፈሩን እንጂ ቃሉን አይጠራም። ስለ መውረድ ካነሣን፣ እንግሊዞች ከአውቶቡስ ሲወርዱ «ጌት ኦፍ»፣ ከትንሽ መኪና ሲወርዱ «ጌት አውት» ይላሉ። ቆመው የሚራመዱበት ከሆነ የመጀመሪያው፣ አጎንብሰው የሚገቡበት ከሆነ ሁለተኛው ነው። ከእኛ ሚኒባስ ሲወርዱ የቱን እንደሚሉ እነርሱ ራሳቸው የሚከራከሩበት ይመስለናል።

አሁን ቆሼ ደርሰናል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ጥራጊ እየመጣ የተከመረው እዚህ ነው። ሜዳ የነበረው ከ30 ሄክታር በላይ መሬት ኮረብታ ሆኗል። መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ሲጠጋ «ባክ አፕ» አደረገ ይባላል፤ ጸሐፊዎች ከኮምፒዩተር ላይ የፋይል ግልባጭ ሲያስቀምጡ የሚሉት ያው ቃል ነው። ጥራጊው ሲከመር «ፓይል አፕ» ነው፤ ያልተመለሰ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሲቆለልም እንዲሁ። የከተማው ሰው ቤቱ ሆኖ የማይፈልገውን ሲጥል ደግሞ «ትሮው አዌይ» አደረገ ይባላል። «አዌይ» ማለት ከዚህ የራቀ ስፍራ ማለት ነው። ቦሌ ሆኖ ለሚናገረው ቃሉ ትክክል ነው። የቆሼ ልጅ ግን «አዌይ» የተባለው ስፍራ ከቤቱ በር ላይ ስለሚጀምር በዚህ ቃል ሊደነቅ ይችላል።

በዚህ ክምር ላይ ብዙ ሰዎች በለቀማ ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ ብረት፣ ላስቲክ፣ ጫማ፣ የሚበላም ጭምር። ለቃሚው ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ብድግ ሲያደርግ «ፒክ አፕ» አደረገ ይባላል። እኛ ፒክ አፕን የምናውቀው የመኪና ዓይነት አድርገን ነው። እንግሊዞች ግን በሌላም ይጠሩበታል፤ መምህር ሳይኖረው፣ ከሰው መካከል እየዋለ ቋንቋ የተማረ ሰው ቋንቋውን «ፒክ አፕ» አደረገው ይላሉ። እንግዲህ የቃል ለቀማና የዕቃ ለቀማ በእነርሱ ዘንድ አንድ ግሥ ሆነ። ቀጥሎም መለየት አለ፤ ብረቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ። ይህ «ሶርት አውት» ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ የተወሳሰበን ጉዳይ መፍታት ማለት ነው። ከሚለየው ውስጥ ዋነኛው ሃይላንድ ነው። የጂኦግራፊ ተማሪ ሃይላንድ ማለት ደጋ እንደ ሆነ ተምሯል፤ በአዲስ አበባ ግን በአንድ የታሸገ ውሃ ስም የተነሣ ማንኛውም የውሃ ላስቲክ ሃይላንድ ሆኗል። የመንደሩ ልጅ «ሃይላንድ ለቀምኩ» ሲል ተራራ አልለቀመም።

ወደዚህ የሚመጡ ጎብኚዎች በአፋቸው የሚመላለስ አንድ የእንግሊዝኛ ተረት አለ፤ በአማርኛ፣ የአንዱ ጥራጊ ለሌላው ሀብት ነው እንደ ማለት ነው። ተረቱ በራሱ መልካም ነው፤ አሮጌ ወንበር ለጎረቤቱ ለሚሰጥ ሰው ያምራል። እዚህ ቆሞ መናገሩ ግን ትልቅ ድፍረት ነው። የፈሊጥ ዝርዝር የማያስተምረው ይህን ነው፤ ትርጉሙን ይነግራል እንጂ በማን ፊት እንደማይባል አይነግርም።

በ2008 ዓ.ም. የከተማው ጥራጊ በሰንዳፋ አካባቢ ወደ ተዘጋጀ አዲስ ስፍራ መወሰድ ጀምሮ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በዚያ ያሉ ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። በግርጌው የነበሩት ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተዋጡ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

እንዲህ ያለውን አደጋ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲያወራ ኮረብታው «ጊቭ ዌይ» አደረገ ሊል ይችላል። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ በመንገድ ምልክት ላይ «ቅድሚያ ስጥ» ማለት ነው። ነገር ግን ምልክቱን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ወሬውን ቢተረጉም «ኮረብታው ቅድሚያ ሰጠ» ይለዋል። ትክክለኛው ትርጉም የተሸከመውን መያዝ አቅቶት ተናደ ነው። «ኬቭ ኢን» ቢልም ወደ ውስጥ ተደረመሰ ማለቱ ነው፤ ሰው ጭቅጭቅ በዝቶበት እሺ ሲልም ይኸው ይነገርለታል፤ እኛ እጁን ሰጠ እንደምንለው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በስፍራው ሁለት ነገሮች ተሠርተዋል። አንዱ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ፋብሪካ ነው፤ በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። ሁለተኛው ፉኩዎካ የተባለው የጃፓን ዘዴ ነው፤ በክምሩ ውስጥ የተበሱ ቧንቧዎች ይዘረጉና አየር ያስገባሉ፣ ፍሳሹንና ጋዙን ያስወጣሉ። ማስገባቱ «ሌት ኢን»፣ ማስወጣቱ «ሌት አውት» ነው፤ ከዚህ የቀለለ ጥምር የለም።

ፋብሪካው ግን ተማሪውን የሚያስጨንቅ ነገር ይዟል። ጥራጊ ተቃጥሎ ሲያልቅ «በርን አፕ» ይባላል፤ ቤት ተቃጥሎ ሲያልቅ ግን «በርን ዳውን» ይባላል። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች፤ ሁለቱም ዐመድ ናቸው። ስለዚህ በደብተር ሲጻፍ ጥራጊውን ከ«አፕ»፣ ቤቱን ከ«ዳውን» ጋር ማጣመር ነው እንጂ ምክንያቱን መመራመር ጊዜ ይፈጃል። የቆሼ ቤቶች ግን በእሳት የጠፉ አይደሉም፤ ተቀበሩ። ለዚህ እንግሊዝኛው «በሪድ» ይላል፤ ጭራም አላስፈለገውም።